እጇ እስከደረሰበት

ዕድሜያቸውን በአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች ከመጋረጃ ጀርባ ያሳለፉ፣ እንጨት ሲጠርቡና ሸራ ሲቀቡ የሸበቱ አንድ የመድረክ ሠሪ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ፊልም ሠሪዎች አፈላልገው አገኟቸው። የፊልሙ ታሪክ የሚኖርበትን ቤት፣ ጓዳና ደጅ፣ ከግድግዳው ቀለም እስከ ሲኒው ድረስ የሚወስነውን ባለሙያ ፕሮዳክሽን ዲዛይነር ይሉታል። እሳቸው ግን «ሥራዎ ምንድን ነው?» ሲባሉ «ቤት ሠሪ ነኝ» ይሉ ነበር።

ሁለት ወጣቶች ሙያውን ሊማሩ መጡ። አንደኛው በሥነ ሕንፃ የተመረቀ፣ እርሳስ ሲይዝ ወረቀቱን የሚያናግር ልጅ ነው። ሁለተኛዋን እናቷ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ አሮጌ ዕቃ እየሸጡ ነው ያሳደጓት። በሁለት ፊልሞች ላይ ዕቃ ስትሸከምና ስትመልስ ቆይታለች። የተጠገነ ድስት አይታ ባለቤቱ ስንት ዘመን እንደሳሳለት ትናገራለች።

«ጋሼ፣ ፕሮዳክሽን ዲዛይነር ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል?» ሲል ልጁ ጠየቀ።

«ትልልቅ ፊልም በሚሠራባቸው አገሮች መሰላሉ የታወቀ ነው» አሉት። «ጀማሪው ዕቃ ያመላልሳል፣ ቡና ያቀርባል። ቀጥሎ ነዳፊ ይሆናል፤ ከዚያ ረዳት አርት ዳይሬክተር፣ ከዚያ አርት ዳይሬክተር። ከሁሉም በላይ ፕሮዳክሽን ዲዛይነሩ አለ። ስሙም ቢሆን ከሥራው በኋላ የመጣ ነው። ዊልያም ካሜሮን ሜንዚስ እ.ኤ.አ. በ1939 ለወጣው ‹ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ› የፊልሙን መልክ ከዳር እስከ ዳር ሲነድፍ፣ የነበረው መጠሪያ ጠበበውና አዲስ ተፈለገለት። እኛ ጋ አብዛኛውን ጊዜ መሰላሉን ሁሉ አንድ ሰው ይሸከመዋል። ስለዚህ ዓመቱን ተወውና ሥራውን ያዝ።»

በዚያ ሰሞን የያዙት ፊልም ባሏ ስለሞተባትና ከብዙ ዓመት በኋላ ከውጭ አገር የሚመለስ ልጇን ስለምትጠብቅ እናት ነበር። ጉለሌ ውስጥ ጭስ የጠገበ አሮጌ የጭቃ ቤት ተከራዩ። ሽማግሌው ልጁን «አንተ ቤቱን ንደፍ» አሉት። ልጅቷን ደግሞ «አንቺ የቡፌውን መሳቢያ ሙዪ» አሏት።

የልጁ ንድፍ በሦስት ቀን አለቀ፤ ያየው ሁሉ አደነቀው። ልጅቷ ግን ሳምንቱን ሙሉ ምናለሽ ተራ ስትመላለስ ሰነበተች። ቁልፉ የጠፋ ጓጉንቸር አመጣች። የክርስትና ጧፍ ቁራጭ፣ ጥርሱ የረገፈ የሕፃን ማበጠሪያ፣ ተፍቀው ያለቁና በላስቲክ የታሰሩ የሞባይል ካርዶች አመጣች። ካርዶቹን እየቆጠረች አስገባቻቸው፤ እናቲቱ ልጇ ጋ የደወለችባቸውን ቀኖች የምትቆጥር ይመስል ነበር።

«መሳቢያው እኮ በፊልሙ ውስጥ አይከፈትም» አላት ልጁ። «ማን ሊያየው?»

ሽማግሌው ሰምተው ጠሩት። «ኬን አዳም የሚባል ሰው ነበር። በርሊን ተወልዶ በ13 ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ ገባ። እንደ አንተው ሥነ ሕንፃ ተማረ፤ በጦርነቱ ዘመን የጦር አውሮፕላን አበረረ፤ ከዚያ ፊልም ቤት በነዳፊነት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1964 ለወጣው ‹ዶክተር ስትሬንጅላቭ› መሪዎች ስለ ኑክሌር ጦርነት የሚመክሩበትን ትልቅ አዳራሽ ሠራ። ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ ግን ክቡ ጠረጴዛ አረንጓዴ ጨርቅ ይልበስ አለ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ አረንጓዴው ለተመልካች አይታይም። ታዲያ ለምን መሰለህ? የቁማር ጠረጴዛ ጨርቅ አረንጓዴ ስለሆነ ነው። ተዋንያኑ በዓለም ዕጣ ቁማር እየተጫወቱ መሆናቸው እንዲሰማቸው ነው።»

ልጁ ዝም አለ፤ ነገሩ ግን ልቡ አልገባም።

ቀረጻው የሚጀመርበት ቀን ደረሰ። ማለዳ በሩን ሲከፍቱ ቤቱ የአዲስ ቀለም ሽታ ሸተታቸው። ባለቤቱ አዛውንት ሌሊቱን ቀቢ አስመጥተው ግድግዳውን ሁሉ ሰማያዊ አስቀብተውት በደስታ ቆመዋል። «ቤቴ በፊልም ሊታይ እንዴት እንዲህ አድፎ ይታይ? ሰው ምን ይለኛል?» አሉ። የጠየቁትም ሳንቲም የለም፤ ለእንግዳ ክብር ብለው ነው ያደረጉት።

ዳይሬክተሩ ራሱን ያዘ። ሠራተኛው ሁሉ ደጅ ቆሟል፤ ካሜራውም መብራቱም የቀን ኪራይ ይቆጥራል። ልጁ ንድፉን ደጋግሞ ገለጠ። ንድፉ ላይ ያለው በጭስ የጠቆረ ግድግዳ ነው፤ ፊቱ ያለው ሰማያዊ ነው። ወረቀቱ የሚነግረው ሌላ ነገር አልነበረም።

ልጅቷ ከቡፌው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ግድግዳውን ስታይ ቆየችና «ጋሼ፣ እኚህ እናት ልጃቸው ሲመጣ ቤታቸውን አይቀቡም?» አለች።

«ይቀባሉ።»

«ይቀባሉ፤ ግን ብቻቸውን ናቸው። ከፍ ብለው የሚቆሙበት መሰላል የላቸውም። ቡፌውንም የሚገፋላቸው ሰው የለም። ስለዚህ እጃቸው እስከደረሰበት ብቻ ነው የሚቀቡት።»

ሽማግሌው ተዋናይቷን ጠርተው ግድግዳው ጥግ አቆሟትና ክንዷን አስዘረጉ። ጣቷ በደረሰበት በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ከምልክቱ በላይና በቡፌው ዙሪያ ያለውን ቀለም ሁሉም ተረባርቦ ፋቀው፤ ጥቀርሻና የቡና አተላ በጥብጠው፣ በጨርቅ እየነከሩ የቀድሞውን ጭስ መለሱበት። ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበትን መስመር የሚሥል እጅ ሲያስፈልግ ልጁ ብሩሹን አነሳ። መጀመሪያ በማስመሪያ እንደተሠመረ ቀጥ አድርጎ አወጣው። ቆም ብሎ አሰበ። ከዚያ አጠፋውና እንደገና ጀመረ፤ በበሩ በኩል ከፍ ብሎ ተነሳ፣ ወደ ጓዳው ሲጠጋ ቀስ እያለ ወረደ።

«ለምን ዝቅ አደረግከው?» አሉት ሽማግሌው።

«እዚህ ጋ ሲደርሱ ክንዳቸው ዝሏል» አለ።

ሽማግሌው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ቀረጻው ከሰዓት ተጀመረ። ተዋናይቷ ገባች፤ መስመሩን አየች፤ በጽሑፉ ባይኖርም እጇን ዘርግታ ነካችውና ተቀመጠች። መሳቢያው እስከ ፊልሙ መጨረሻ አልተከፈተም።

ማታ ልጁ «ጋሼ፣ ተሳስቼ ነበር ማለት ነው? ትምህርቴስ ከንቱ ነው?» አለ።

«ትምህርትህማ መስመሩን ሠራ» አሉት። «ኬን አዳም የመጣው ከሥነ ሕንፃ ነው። ለ‹ብላክ ፓንተር› ዋካንዳን የፈጠረችው ሃና ቢችለር መጀመሪያ የተማረችው የልብስ ዲዛይን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በዚህ ሙያ ኦስካር የተሸለመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ሆነች። እኔ ከመዶሻ መጣሁ፤ እሷ ከምናለሽ ተራ መጣች። መንገዱ ብዙ ነው፤ በሩ ግን አንድ ነው። በሩ ላይ ‹እዚህ ቤት የሚኖረው ማን ነው?› ተብለህ ትጠየቃለህ። አንተ ንድፉን ይዘህ መጣህ፣ እሷ ሴትየዋን ይዛ መጣች። ንድፍ ቀለም ሲቀየር ይበላሻል፤ ሴትየዋን የሚያውቅ ግን ቤቱ ቢፈርስ እንኳ መልሶ ይሠራዋል።»

በማግስቱ ልጁ እርሳሱን ኪሱ ከቶ ከልጅቷ ጋር ምናለሽ ተራ ወረደ። እሷም ማታ ማታ ከእሱ ማስመሪያ አያያዝ ትማር ጀመር። ሽማግሌውም ለሚቀጥለው ፊልም ሁለት ባዶ መሳቢያ አዘጋጁ።

የታሪኩም ምክር ይህ ነው፤ በሙያህ ከፍ ለማለት የምትቸኩል ሆይ፣ ማንም የማይከፍተውን መሳቢያ በታማኝነት ሙላ። ማንም አያየውም፤ የቤቱን ሰው ግን የምታውቀው እሱን ስትሞላ ነው።