ማወቅና ፈቃድ

ፓሪስ ያለውን ዣርዳን ዴ ፕላንት የሚጎበኝ ሰው መደሰቱ አይቀርም። በ1635 እ.ኤ.አ. ለንጉሡ የመድኃኒት ዕፅ መትከያ የተመሠረተው ግቢ፣ ከአብዮቱ በኋላ በ1793 የሕዝብ ቤተ መዘክር ሆነ፤ በ1794 የአራዊት ማቆያ ታከለበት። ዕውቀት ከቤተ መንግሥት ወጣ ማለት ነው።

ታዲያ ለማወቅ ሲባል ሁሉ ይፈቀዳል? በ1815 ሣራ ባርትማን የምትባል የደቡብ አፍሪካ ሴት እዚሁ ግቢ በሊቃውንት ፊት ቆመች፤ ኀፍረተ ሥጋዋን ግን አላሳይም አለች። ስትሞት ኩቪዬ የተባለው የቤተ መዘክሩ ሊቅ አስከሬኗን ቀዶ የከለከለችውን አየ። አጥንቷ ለአገሯ አፈር የበቃው በ2002 ነው።

ሰውየው መሃይም አልነበረም እኮ! ቅጠሉንም አንበሳውንም ፈቃድ መጠየቅ አይቻልም እንበል። እሷ ግን ተጠይቃ መልሳለች። ከእምቢታዋ በኋላ የተገኘውን ዕውቀት እኔ ስርቆት እለዋለሁ። እናንተስ፣ ወዳጆቼ?