ደብዛው የጠፋ ሰው ክብር

በጦር ሜዳ የወደቀ ሰው አስከሬኑ ካልተገኘ ክብሩ በማን እጅ ይቀመጣል? ገድሉን በዓይናቸው ባዩ ጓዶቹ እጅ ነው ወይስ መጨረሻውን መጻፍ ባልቻለው መዝገብ? ጥያቄው ከወታደራዊ ደንብ አልፎ የፍትሕ ጥያቄ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቪየት ኅብረት ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ የነበረችው የሊዲያ ሊትቪያክ ሕይወት ይህንኑ ጥያቄ ከነክብደቱ ያቀርበዋል።

ሊዲያ እ.ኤ.አ. በ1921 በሞስኮ ተወለደች። ገና በ15 ዓመቷ ብቻዋን አውሮፕላን ለማብረር በቃች። አባቷ ግን በ1937፣ በዚያ የጅምላ እስራትና ግድያ ዘመን ተይዞ ጠፋ። ልጅቱ ይህን ቁስል ተሸክማ ነው አገሯን ለመከላከል የተሰለፈችው። ማሪና ራስኮቫ በ1941 ሦስት የሴቶች የአየር ሬጅመንቶችን ስታቋቁም ሊዲያ ከፈቃደኞቹ አንዷ ሆነች። በሴፕቴምበር 1942 ወደ ወንዶች ሬጅመንት ተዛውራ በስታሊንግራድ ሰማይ ተፋለመች። በ1943 በተደጋጋሚ ቆሰለች፤ እየዳነችም ወደ ውጊያው ተመለሰች። የጣለቻቸው የጠላት አውሮፕላኖች ቁጥር በጸሐፊዎች ዘንድ ቢለያይም፣ የቀይ ኮከብና የቀይ ሰንደቅ ዓላማ ኒሻኖች ተሸላሚ እንደነበረች የሚጠራጠር የለም።

ኦገስት 1 ቀን 1943 በሚዩስ ወንዝ ግንባር ለውጊያ ተነሣች፤ አልተመለሰችም። ሃያ ሁለት ዓመት ሊሞላት የቀሯት ቀናት ከሃያ ያነሱ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የዚህ ጥያቄ እምብርት ነው። በኦገስት 1941 የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 270 ለጠላት እጁን የሰጠ አዛዥ ከዳተኛ እንደሚባልና ቤተሰቡም እንደሚታሰር ደንግጎ ነበር። ሞቱ ያልተረጋገጠ ሰው ምናልባት ተማርኮ ይሆናል፤ የተማረከም ምናልባት ከድቶ ይሆናል። በእነዚህ ሁለት «ምናልባቶች» መካከል «ደብዛው ጠፋ» የሚለው ቃል ሐዘን መሆኑ ቀርቶ ግማሽ ክስ ሆነ። ሊዲያም የሶቪየት ኅብረት ጀግና የሚለውን ማዕረግ ሳታገኝ ቀረች።

የደንቡ ጠበቃ የሚያቀርበው ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ከፍተኛ ክብር ያለ ማረጋገጫ ከተሰጠ ዋጋውን ያጣል፤ በግምት የተሸለመ ሰው በእርግጥ የሞቱትን ያሳንሳል ይላል። የአገራችንም ብሂል «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ሲል ያለ ማስረጃ መኩራራትን ይነቅፋል። ነገር ግን ብሂሉ ሁለት ክንድ አለው። ጎፈሬውን ማስረጃ አምጡ ብሎ የከለከለ ደንብ ወሬውንም ማስረጃ አምጣ ማለት ነበረበት። ለገድል ምስክር እየጠየቀ ለጥርጣሬ ምስክር የማይጠይቅ ሚዛን ከመነሻው የተዛባ ነው።

የሊዲያ መካኒክ የነበረችው ኢና ፓስፖርትኒኮቫ ይህን ሚዛን ለማቃናት ከጦርነቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት የወደቁ አውሮፕላኖችን ስብርባሪ ስታስፈልግ ኖረች። በ1979 በዲሚትሪየቭካ መንደር አካባቢ የአንዲት ሴት አብራሪ አፅም መቀበሩ ታወቀ፤ የሊዲያ ነው ተባለ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህን እስካሁን አይቀበሉም። ሆኖም በሜይ 1990 ማዕረጉ ተሰጣት፤ ከጠፋች 46 ዓመት አልፎ ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሊጤን ይገባል። አፅሙ የእርሷ ቢሆን የሚያስረዳው መሞቷን ብቻ ነው፤ ጀግንነቷን አይደለም። የስታሊንግራድ ውጊያ የተፈጸመው ከመጥፋቷ በፊት ነው፤ ምስክሮቹም በሕይወት ነበሩ። ቆስላ ተማርካ ቢሆን እንኳ ምርኮ መከራ እንጂ ክህደት አይደለም፤ ትናንት የተሠራውንም ሥራ እንዳልተሠራ አያደርገውም። የመካኒኳ ድካም የታማኝነት ከፍተኛ ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ያን ድካም የግድ ያደረገው ሥርዓት ከወቀሳ አያመልጥም። የጓደኛን አፅም ከምድር ቆፍሮ ማውጣት የፍቅር ሥራ እንጂ የንጽሕና ማስረጃ ማቅረቢያ መሆን አልነበረበትም።

ስለዚህ የሰው ክብር መቀመጫው መቃብሩ አይደለም፤ በሕይወት ሳለ የሠራው ሥራ ነው። መጨረሻው ያልታወቀ ሰው በታወቀው ሕይወቱ ሊመዘን ይገባዋል። ከዚህ የተለየ ሚዛን የያዘ ኅብረተሰብ ልጆቹን ሁለት ጊዜ ያጣቸዋል፤ አንድ ጊዜ በጠላት ጥይት፣ ሁለተኛ በገዛ ጥርጣሬው።