መብራት ያልበራበት ክፍል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ በምንማርበት አዳራሽ መስኮት ላይ የነበረችውን የገና ቁልቋል ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከ3 ዓመት በፊት አንዲት እናታችን በገና ሲያመጡልን በቀይ አበባ ተሸፍና ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት ገና ሳታብብ አለፋት።

ጥፋቱ የእኛ ነው። በመጀመሪያ ስሟ አሳሳተን። ቁልቋል ሲባል ትዝ ያለን በአገራችን በደረቅ ተራራ ላይ የሚቆመው፣ ሲቆርጡት ወተት የሚያፈሰው ነው። ስለዚህ ፀሐይ ላይ አስቀመጥናት፤ ውኃም በወር አንድ ጊዜ ሰጠናት። ቀላች፤ ተጨማደደችም። ዳሩ ግን ይህች የበረሃ ተክል አይደለችም። ትውልዷ በብራዚል፣ ከሪዮ ዴ ጃኔሮ በላይ ባሉት እርጥብ ተራሮች ነው፤ በዚያም በዛፍ ቅርንጫፍና በድንጋይ ላይ በጥላ ሥር ትኖራለች። ብርሃን ትወዳለች፤ የቀትር ፀሐይ ግን ያቃጥላታል። አፈሯ ከላይ ደረቅ ሲል ውኃ ይሰጣታል፤ ውኃ ከተኛባት ግን ሥሯ ይበሰብሳል።

ይህን ከተማርን በኋላ ለመለመች፤ አበባው ግን አልመጣም። ለካስ የከለከላት መብራታችን ኖሯል! የምታብበው ሌሊቱ ሲረዝም ነው፤ ይኸውም ለ6 ሳምንት ያህል በየሌሊቱ ከ12 እስከ 14 ሰዓት ያልተቋረጠ ጨለማ ስታገኝ ነው፤ ቅዝቃዜም ያግዛታል። በብራዚል ወቅቱ ከዚህ የተገላቢጦሽ ስለሆነ በሜይ ወር ታብባለች፤ ሰዎቹም የሜይ አበባ ይሏታል። እኛ ግን መዝሙር እያጠናን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት መብራት እናበራባት ነበር።

ስሙን የማንጠራው አንድ ወንድማችን ባለፈው ዓመት ንስሐ ገብቶ ወደ እኛ መጣ። ደስታችን ወሰን አጣ። ገና በሁለተኛው ሳምንት ሕይወትህን ተናገር ብለን በጉባኤ ፊት አቆምነው፤ በአራተኛው ደግሞ ኃላፊነት ሰጠነው። ልጁ ለብቻው መጸለይን እንኳ ገና እየተለማመደ ነበር። ዐቢይ ጾም ሳያልቅ መምጣቱን ተወ። እኛም ሰነፈ አልን። ጌታችን ሠላሳ ዓመት ያህል በናዝሬት በስውር እንደ ኖረ፣ ከጥምቀቱም በኋላ 40 ቀን በገዳመ ቆሮንቶስ ለብቻው እንደ ጾመ ስንማር የኖርን ልጆች ይህን አደረግን።

ዘንድሮ በመስከረም መጨረሻ ተክሏን እናታችን ዘንድ ወሰድናት፤ ማንም በማያድርበት፣ ማሞቂያው በተዘጋ ክፍል መስኮት አጠገብ አስቀመጧት። ማታ ማንም መብራት አያበራም። በኅዳር እምቡጥ ያዘች። እምቡጥ ከያዘች በኋላ ካንቀሳቀሷት ስለሚረግፍባት ለገና ወደ አዳራሹ አናመጣትም፤ ማየት የምትሹ እናታችንን ሄዳችሁ ጠይቁ።

ወንድማችንንም ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሆነን እንጠይቀዋለን። ሻይ ያፈላልናል። ሲሻ አብረን እንጸልያለን፤ መቼ ትመለሳለህ ብለን ግን አልጠየቅነውም።