አቅምህ ይፈቅዳል?



በዚህ ሳምንት አንድ ወንድም በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ኡስታዝ፣ አንድ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና አይቻለሁ። ከ0 ተነስታ 100 ለመግባት 3.8 ሰከንድ ይበቃታል። ባንኩ በሙራበሓ ይሰጠኛል፣ ሪባ የለበትም። ወርሃዊ ክፍያውን እችላለሁ። ልግዛት?»

ምናልባት አንተም ልብህ ውስጥ ይሄው ጥያቄ አለ። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከ2016 ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ፣ ድምጽ ሳያሰሙ እንደ ጥይት የሚወነጨፉ መኪኖች ከተማችን ውስጥ በዝተዋል። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም አጠገቤ ሲያልፉ ዞር ብዬ አያለሁ።

ፍጥነትን መውደድ በራሱ ነውር አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ውስጥ ፈረሶችን አሽቀዳድመዋል። ለውድድር የሰለጠኑት ፈረሶች ከሐፍያእ እስከ ሰኒየተል ወዳዕ ሲሮጡ፣ ያልሰለጠኑት አጠር ያለ መንገድ ነበራቸው። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመርም ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ምቹ መጓጓዣም ከሰው የደስታ ምክንያቶች ውስጥ ተቆጥሮ በሐዲስ መጥቷል። ስለዚህ ጥሩ መኪና ያማረውን ወንድም ሁሉ «ዱንያ አታለለችው» ብሎ መገሰጽ አይገባም።

ሙራበሓውም ቢሆን፣ ባንኩ መኪናዋን በእርግጥ ገዝቶ የራሱ ካደረጋት በኋላ ትርፉን ነግሮ የሚሸጥልህ ከሆነ ሐላል ነው። ግን ሐላል ዕዳም ዕዳ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በጥቂት ዲናር ዕዳ የሞተን ሰው ጀናዛ ራሳቸው ከመስገድ ተቆጥበው ነበር፤ የሰገዱት አቡ ቀታዳ «ዕዳው በኔ ይሁን» ካሉ በኋላ ነው። ያ ሰው ሪባ በላ አልተባለም። ዕዳ ብቻ ነበረበት። ወንድማችን «ሪባ የለበትም» ሲል የመለሰው «ይፈቀዳል ወይ?» የሚለውን ነው። «አቅሜ ነው ወይ?» የሚለው ገና አልተነካም።

«አቅም» ማለት ምን ማለት ነው? ባንክ ይህንን የሚለካው በደሞዝህ ወይም በሱቅህ ገቢ ነው። በየወሩ ይህን ያህል ከቆረጥንበት ይተርፈዋል ወይ ብሎ ያሰላል። ነጋዴ ስለሆነ አይወቀስም። የኛ ፊቅህ ግን አቅምን የሚለካበት የራሱ ሚዛን አለው፤ የሚገኘውም በሐጅ ምዕራፍ ነው። ሐጅ የሚግደደው በቻለ ሰው ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ዑለሞች «የቻለ» የሚባለው ማን እንደሆነ አንድ በአንድ መዘርዘር ነበረባቸው። ዛድና ራሒላ ያለው ነው አሉ። ዛድ ስንቅ ነው። ራሒላ ደግሞ መጓጓዣ፣ የሚጋልቡት ግመል ነው። ተመልከት፣ ስለ አቅም ስንማር የመጀመሪያው ምሳሌ መጓጓዣ ነበር። አንዳንዶቹ እንዲያውም ለሰውየው ደረጃ የሚመጥን ግመል መሆን አለበት ብለዋል፤ የተከበረን ሰው በማይሆነው እንስሳ ላይ ጭነው «ችለሃል» አላሉትም።

ከዚያ ግን ዋናው ነገር ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚቆጠረው ከዕዳህ፣ ከመኖሪያህ፣ ከሥራ ዕቃህና እስክትመለስ ድረስ ቤተሰብህ ከሚበላው የተረፈ ሲሆን ነው። የዕዳው ቀን ገና ቢሆንም ተቀንሶ ነው የሚታሰበው። ስለዚህ አቅም ማለት በእጅህ ያለው ጠቅላላ ብር አይደለም። ባለመብቶች ሁሉ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ የቀረው ነው። ለአላህ ቤት ጉዞ እንኳ ይህ ሁሉ ሒሳብ ከተደረገ፣ ለመኪና ከዚህ የላላ መለኪያ ከየት እናመጣለን?

አሁን እስቲ መኪናዋን በዚህ ሚዛን አስቀምጣት። ቅድመ ክፍያዋን ከሐጅ ወጪ ጎን ጻፈው። «መኪናዋን እችላለሁ» ያልክ ቀን፣ ሐጅ ካላደረግክ፣ ሐጅንም እንደምትችል በራስህ አንደበት መስክረሃል። በሻፊዒ መዝሀብ ኒያን ይዞ ማዘግየት ይቻላል፤ ብዙ ሌሎች ዑለሞች ግን የቻለ ሰው ወዲያውኑ መሄድ አለበት ይላሉ። ምርጫው ከመዝሀብህ ጋር ነው። ምስክርነቱ ግን ተመዝግቧል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። «አልችልም» የምንለውና «እችላለሁ» የምንለው ከአንድ ኪስ ነው። እናታችን ጉልበቷን እንዳመማት ስትነግረን «ኢንሻአላህ እጄ ሲላላ» እንላለን። ሱቃችን የሚሠራው ልጅ ደሞዝ እንዲጨመርለት ሲጠይቅ «ገበያው ቀዝቅዟል» እንለዋለን። የእህታችን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲነሳ ዝም እንላለን። ዋሽተን ላይሆን ይችላል፤ በዚያች ሰዓት እውነትም የሌለን መስሎ ይሰማናል። ከዚያ መኪናዋ ትመጣና ብሩ ይገኛል። እንግዲህ የቱ ነበር እውነቱ? ነፍስ የምትፈልገውን ስታይ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ትሆናለች፤ የምትጠየቀውን ስታይ ደግሞ መደመር ይጠፋታል።

«ብር እየወረደ ነው፣ መኪና ይዞ መቀመጥ ይሻላል» የሚልም አለ። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬው ነገር ሲለወጥ የሆነውን ሁላችንም አይተናል፤ ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ግን እንግዲያው ንብረት እያስቀመጥክ እንጂ 3.8 ሰከንድ እየገዛህ አይደለም፤ ለዚያ ደግሞ ዝግ የምትል መኪናም ትበቃለች። በዚያ ላይ የባትሪ መኪና እንደ ድሮዋ ኮሮላ አይደለችም። ባትሪ ያረጃል፣ ከኋላዋም የተሻለ ሞዴል ይከተላታል።

የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግመል ዐድባእ የሚቀድማት አልነበረም። አንድ የበረሃ ሰው በወጣት ግመሉ መጣና ቀደማት። ሶሓቦች በጣም ከፋቸው። እሳቸው ግን ከዱንያ ከፍ ያለን ነገር ሁሉ አላህ ዝቅ ሳያደርገው እንደማይተው ነገሯቸው። ግመሊቱ ያው ግመል ነበረች፤ ትናንት ያደረሰቻቸው ቦታ ዛሬም ታደርሳቸዋለች። የጎደለው «አትቀደምም» የሚለው ወሬ ብቻ ነበር። አንተም ከሜክሲኮ ቦሌ በምሽቱ ሰልፍ ውስጥ ቆመህ፣ ከምትከፍለው ብር ስንቱ ለመድረስ፣ ስንቱ ለዚያ ወሬ እንደሆነ ጠይቅ። ሁለተኛውን ዋጋ ሻጩ ለብቻው አይነግርህም።

በነገራችን ላይ፣ ለመኪና ብለህ ያስቀመጥከው ብር ኒሷብ ሞልቶ ዓመት ከዞረው ዘካ አለበት። የምትነዳት መኪና ግን የለባትም። ብዙ ሰው ይህን ያቀላቅላል።

ዛሬ ጁምዐ ነው፣ ከህፍን ስትቀራ የሁለቱን አትክልት ባለቤት ታገኛለህ። መኪና ኋላ ላይ የምንለጥፋት «ማሻአላህ» ከዚያ ታሪክ ናት። ጓደኛው አትክልቱን ሽጥ አላለውም፤ ስትገባ እንዲህ ብትል ምን ነበረበት አለው እንጂ። ባለቤቱ ሲገባ የሚላት ቃል ነበረች። እኛ የሌላውን ዓይን እንድትከላከልልን ብለን በውጭ ለጠፍናት።

ለወንድማችን «ግዛ» ወይም «አትግዛ» አላልኩትም፤ ኪሱን የማውቀው እኔ አይደለሁም። በዚህ ዓመት «አልቻልኩም» ብሎ የመለሳቸውን ሰዎች ስም ወረቀት ላይ እንዲጽፍና ከውሉ ጋር ጎን ለጎን እንዲያነበው፣ ከዚያም ኢስቲኻራ እንዲሰግድ ነገርኩት። ማክሰኞ «ኡስታዝ፣ ዝርዝሩ ረዘመብኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ አልጻፈም።

ወላሁ አዕለም።