«ነግ በእኔ» ቁልቁለት ላይ
አዲስ አበባ ተዳፋት ናት። ከእንጦጦ አናት እስከ አቃቂ ድረስ 1000 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ላይ የዘነበው በቀበና፣ በባንተይቀጡ፣ በሌሎቹም አድርጎ ታች ይወርዳል፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው። 200 ካሬ ግቢ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከጣለ 2000 ሊትር፣ ማለትም 10 በርሜል። ግቢው አፈርና ሣር ከሆነ መሬቱ ብዙውን ይጠጣል፣ የቀረውም ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ሊሾ ከሆነ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል በደቂቃዎች ውስጥ በበሩ ሥር ሾልኮ አስፋልት ላይ ነው።

ዶፍ ሲወርድ ጠብቆ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ቦይ ውስጥ የሚለቅ ሰው ላይ ብዙ ማሰብ አያስፈልገኝም። የሚያደርገውን ያውቃል፤ ዝናቡን መሸሸጊያ አድርጎታል። ሃይላንድና ፌስታል ቱቦ ውስጥ የሚጥለውም ያው ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሊሾው ነው፣ ክፋት የሌለበት። ጭቃ ማን ይወዳል? ደግሞስ 10 በርሜል ለአንድ ወንዝ ምኑ ነው? የማንም ድርሻ ብቻውን ቤት አያፈርስም፤ ተደምሮ ግን ያፈርሳል። ከዚያ «ጎርፍ ወሰደው» እንላለን። አድራጊው ጎርፉ ሆነ፤ እኛ ከዓረፍተ ነገሩ ወጣን።

ያደግንበት መልስ «ነግ በእኔ» ነው። ለለቅሶና ለእድር ይሠራል፤ ሞት ዞሮ ሁሉም ቤት ይገባላ። ውሃ ግን አይዞርም። ሽሮ ሜዳ ያለ ሰው ወንዝ ዳር፣ ኪራይ ረከስ ስላለለት የገባው ሰው ላይ የደረሰው ነገ እኔ ላይ ይደርሳል ብሎ ሊፈራ አይችልም። አይደርስበትማ! እንግዲህ ፍርሃቱ ሲወጣ ምን ይቀራል? እኔ ዕዳው ይቀራል ባይ ነኝ፤ እንዲያውም ይከብዳል። የታችኛው ሰው ብድሩን የሚመልስበት መንገድ የለውም፣ ውሃውን ወደ ላይ አይልክብኝም። ስለዚህ የማደርግለት ነገር ሁሉ ካለምንም ውለታ ነው።

«መንግሥት ሰፊ ቱቦ ይቅበር» ትሉ ይሆናል። ይቅበር፣ ግዴታው ነው። ግን ሰፊ ቱቦ ውሃውን ታች ቶሎ ያደርሰዋል እንጂ አያስቀረውም። ውሃ የሚያስቀረው አፈር ነው፦ አጥር ሥር ሳይለሰን የቀረ አንድ ሜትር፣ በረንዳው ፊት ያለች ሣር። አሸንዳ ሥር በርሜል ማስቀመጥም አለ፣ አልጠላውም። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ ግን 2 ሚሊ ሜትር ሲጥል ይሞላል። የተረፈው ወደ አቃቂ ይቀጥላል።