ስንቅና ምስጋና

ከሩቅ ቀበሌ ወጥቶ በደሃና ወረዳ ከተማ በአምደ ወርቅ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ፥ ቅዳሜ ወደ ወላጆቹ ሄዶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ትምህርቱና ፈተናው፥ ውኃ መቅዳቱና ምግብ ማብሰሉ ጊዜውን ሲሻሙበት፥ ምስጋናውን በየትኛው ሰዓት ያቅርብ?

እኛ እንደሚመስለን ምስጋና የተለየ ሰዓት አይሻም። እናት ገብሱን ፈትጋ፥ ቆልታና ፈጭታ የዋለችበት ቀን በበሶው ውስጥ አለ። ይህን በሶ በጥብጦ ጠጥቶ ለጥናት የሚቀመጥ ተማሪ የእርሷን ቀን ይዞ ይቀመጣል፤ ሰዓቱን በከንቱ ቢያሳልፍ የሚያባክነው የራሱን ብቻ አይደለም። ዋግ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ክፉኛ የተጎዳ አገር ነው፤ በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል ኪዳንም በዋናው ከተማ በሰቆጣ ስም ተሰይሟል። በእንዲህ ያለ አገር አንድ ቁና ገብስ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ይሁን እንጂ ውለታ በፈተና ውጤት ብቻ አይከፈልም። ሽሮ መሥራትንና እንጀራ መጋገርን የተማረ ልጅ፥ ይልቁንም ወንዱ፥ የእናቱን ድካም በገዛ እጁ ያውቀዋል፤ በእጅ የታወቀ ድካምም አይረሳም። እንግዲህ ቅዳሜ ከቤቱ ሲደርስ የተሰናዳ ስንቅ ከሚጠብቅ ከምጣዱ አጠገብ ሆኖ ቢያግዝ፥ ያን ጊዜ ምስጋናው ቃል መሆኑ ቀርቶ ሥራ ይሆናል።