የዘበኛው ባትሪ

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የእህል መጋዘን የሚጠብቁ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንደኛው በፊት በር፣ ሌላኛው በጓሮ በር ያድራሉ። መጋዘኑ ረጅም ስለሆነ ድምፅ አይደርስም፤ በዚያ ብርድ በየሰዓቱ ተነስቶ መዞር ደግሞ ጉልበት ይፈትናል። ስለዚህ በባትሪ ይነጋገሩ ነበር። ከግቢው ጥግ ያለው ባሕር ዛፍ ለሁለቱም ይታያል። ዛፉ ላይ ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለ «ደህና ነኝ» ነው። በርቶ ከቆየ ግን «ድረስልኝ» ማለት ነው።

የፊት በሩ ዘበኛ የያዙት ባትሪ የወንድማቸው ልጅ ከአሜሪካ የላከላቸው ነው፤ ፖሊሶች የሚይዙት ዓይነት፣ ጥቁር አሉሚኒየም፣ ማብሪያው ከኋላ ክዳኑ ላይ ያለ። በጭብጥ ሲይዙት አውራ ጣት ላስቲኩ ላይ ያርፋል። ድንጋዩ 18650 የሚባለው፣ 18 ሚሊ ሜትር ወፍራም፣ 65 ሚሊ ሜትር ረጅም፣ ቻርጅ የሚደረግ ነው።

አንድ ሌሊት ባትሪው እምቢ አለ። «ድንጋዩ ደክሟል» አሏቸው፤ ቻርጅ አደረጉት፤ አልበራም። «አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ይጣሉት» አሏቸው። መጣሉ አላስቻላቸውም፤ ገበያ አጠገብ ሬዲዮና ስልክ ወደምትጠግን ሴት ወሰዱት።

ጠጋኟ የኋላውን ክዳን ፈታች። የድንጋዩ ነጌቲቭ ጫፍ ብቅ አለ፤ ዙሪያውን ጥቁሩ ልባስ ያልደረሰበት የቱቦው ከንፈር ያብለጨልጫል። አንድ አግራፍ ዘርግታ አንዱን ጫፍ ነጌቲቩ ላይ፣ ሌላውን ከንፈሩ ላይ አሳረፈች። ባትሪው ቦግ አለ።

«አባባ፣ ድንጋዩም አምፖሉም ደህና ናቸው። የታመመው ክዳኑ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪኩ ዙሩን የሚጨርሰው በክዳኑ በኩል ነው፤ ከድንጋዩ ወደ ሞላው፣ ከሞላው ወደ ስዊቹ፣ ከስዊቹ እሱን አጥብቆ ወደያዘው ቀለበት፣ ከቀለበቱ ወደ ቱቦው ግድግዳ፣ ከዚያ ወደ አምፖሉ። ብርሃኑ የሚወጣው ከፊት ቢሆንም ከኋላ አንዲት መጋጠሚያ ከላላች ሁሉም ይጨልማል። ጠጋኟ መጀመሪያ ቀለበቱን አጠበቀች፣ የክዳኑን ጥርስ በአልኮል ጠረገች፤ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ከዚህ አያልፍምና። አልዳነም። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ሞላው ላይ፣ ሌላውን ቀለበቱ ላይ አድርጋ ላስቲኩን ደጋግማ ተጫነች። ቴስተሩ አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ዝም ይላል። ስዊቹ ውስጡ ተበልቷል።

እሷ ሌላ ሥራ ስለነበራት መቀየሩን ለምታሠለጥነው ልጅ ተወችለት። ልጁ ጎበዝ ነው። በሹል ፒንሳ የቀለበቱን ሁለት ጉድጓዶች ይዞ ፈታው፣ አሮጌውን ስዊች አወጣ፣ ቁመቱንና ወርዱን ለካ፣ ከሳጥኑ ልክ እሱን የሚያህል አገኘ። በየደው፣ መልሶ ገጠመው፣ ተጫነው፤ ጠቅ አለና በራ። ሽማግሌው መርቀውት ሄዱ።

ሌሊቱን ሰዓታቸው ሲደርስ እንደ ልማዳቸው አውራ ጣታቸውን ላስቲኩ ላይ ቀስ አድርገው ጫን አሉ። ጨለማ። እንደገና ጫን አሉ። ጨለማ። ጠበቅ አድርገው ሲጫኑት ጠቅ አለ፤ ጣታቸውን ሲያነሱ ዛፉ በብርሃን ተጥለቀለቀ፤ አልጠፋም። በብርድ በደነዘዘ ጣት ለማጥፋት ሲታገሉ የጓሮው ዘበኛ በሩን ጥሎ፣ ዱላውን ይዞ፣ እያለከለከ ደረሰ። ለካ ማንም አልመጣም።

ማለዳ ወደ ጠጋኟ ተመለሱ። ልጁ ባትሪውን ተቀብሎ አበራው፣ አጠፋው፣ አበራው። «ይሠራል እኮ እትዬ» አላት።

እሷ ግን ባትሪውን አልነካችም። «አባባ፣ ማታ ማታ ጣትዎ ምን ያደርግ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን አየር ላይ ለስለስ አድርገው ሁለት ጊዜ ጫን፣ ለቀቅ አደረጉ። ያን ጊዜ ገባት።

የኋላ ስዊች ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ገና ግማሽ ሲጫኑት ያበራል፣ ሲለቁት ይጠፋል፤ ጠቅ እስኪል ከተጫኑት በርቶ ይቀራል። ሌላው ከጠፋ በኋላ ግማሽ ጫና አይገባውም፤ ጠቅ ብሎ ጣት ሲነሳለት ብቻ ይበራል። መንገድ ለሚሄድ ሰው፣ አንዴ አብርቶ ለሚረሳው፣ ሁለተኛው ምንም አይጎድለውም። መልካቸው አንድ ስለሆነ በዓይን አይለዩም። ጠጋኟ ሳጥኗን ገልብጣ እያንዳንዱን ከቴስተሩ ጋር እያገናኘች በጥፍሯ ቀስ እያለች ተጫነች፤ ጠቅ ከማለቱ በፊት ቴስተሩን ያስጮኸውን መረጠች።

ይህን ምሳሌ ያነሳሁት በመሥሪያ ቤቶቻችን ሰው የሚተካበትን መንገድ ስለማይ ነው። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጡረታ ይወጣሉ። ሰልፉን እያዩ «እናቴ፣ ይቺ ፎቶ ኮፒ ትጎድልዎታለች፤ ተራዎ ሳይደርስ አስነስተው ይምጡ» ይሉ የነበሩ ሰው ናቸው። በምትካቸው ዲግሪው፣ የሥራ ልምዱና ደረጃው ልክ የሆነ ሰው ይመጣል። ፋይሉ ሙሉ ከሆነ በፍጥነት ይፈጽማል፤ ካልሆነ «ነገ ይመለሱ» ይላል። ባለጉዳዩ ከሩቅ ወረዳ በአውቶቡስ መጥቶ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፎ፣ በአንዲት ወረቀት ምክንያት ያድራል። ቅሬታው ሲበዛ «ሲስተሙ ነው»፣ «አመራሩ ነው» ይባላል፤ ዓይናችን የሚሄደው ወደ ፊት፣ ወደ አምፖሉ ነው።

አዲሱ ሠራተኛ ላይ የምፈርድበት ነገር የለኝም። የተነገረውን በሙሉ ይሠራል። የጡረተኛው ግማሽ ጫና ግን በሥራ መደቡ ዝርዝር ላይ ተጽፎ አያውቅም፤ እሳቸውም ቢሆኑ እንደ ሥራ ቆጥረውት ለተተኪያቸው አላስረከቡትም። የሚያውቁት በዚያ መስኮት የተስተናገዱት ናቸው። የቅጥር ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት አንድ ሰው ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን «እኒህ ሰውዬ ምን ያደርጉላችሁ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን ጽፎ ለመመለስ ከአንድ ጠዋት በላይ አይፈጅበትም።